ኦቦ ቡፌ

«ኦቦ ቡፌ አረፉ» አለኝ ለሚ በስልክ።

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ ጥፋቱ የስልኩ ይመስል። መሞታቸው አልነበረም ያናደደኝ። ሰማንያን የተሻገረ ሰው ይሞታል። ስሙ ነው። ያንን ስም ሱሉልታ ውስጥ ማንም ቢጠራው ለምጄዋለሁ፤ ከዚህ ልጅ አፍ ሲወጣ ግን ዛሬም አይዋጥልኝም።

«ስማቸው ደበላ ነው» አልኩት።

«እሱማ አውቃለሁ፣ ጋሽ ማቴዎስ። ቶሎ እንዲገባህ ብዬ ነው እንጂ። ነገ ስድስት ሰዓት ይቀበራሉ። ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ» ብዬ ዘጋሁት። የዚያን ቀን ኮዬ ፈጬ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሰው ግድግዳ እየለሰንኩ ነበር። ግድግዳውን ጨረስኩት። ያልተጨረሰ ግድግዳ ትቶ የሚሄድ ሰው እሳቸውም አይወዱም ነበር።

ሰው ስለሞተ ሰው ሲጽፍ ማሞካሸት ይወዳል። እኔ አልችልበትም። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ የማይገባበት የልጆች ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ነው። ያን ያህል የተቸገርኩበትን ነገር ለውሸት አላውለውም። ስለዚህ ከጉድለታቸው ልጀምር። ኦቦ ደበላ ግትር ነበሩ። ያኮርፉ ነበር። ሬዲዮ ሲያዳምጡ ሰው ካወራ ይቆጣሉ፤ ከዚያ ሬዲዮውን ይቆጣሉ። ተከራያቸው ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ «አምፖሉን አጥፋ» ሳይሉኝ ያደሩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አምፖሉን የማበራው ለማንበብ እንደሆነ ሲያውቁ «አንብበህ ስትጨርስ አጥፋ» ማለት ጀመሩ። ለእሳቸው ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው።

የተዋወቅነው መሬታቸው ላይ ነው። ሣር አጭደው፣ ድርቆሽ አድርገው ለከተማ ላም አርቢዎች የሚሸጡበት ሜዳ ነበራቸው። ለልማት ተባለና ተወሰደ፤ የፍራሽ ፋብሪካ ሊሠራበት። አጥሩን የምገነባው እኔ ነበርኩ። ከጋሞ ደጋ የመጣሁ ግንበኛ ነኝ፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ባለበት እሄዳለሁ። መሠረት መቆፈር በጀመርንበት ቀን ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ከዘራ ይዘው መጡ። ሊራገሙ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን እራገም ነበር። ጉድጓዱን አዩት፣ እኛን አዩን፣ ከዘራቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ።

«ምሳ በላችሁ?» አሉ።

«ገና ነን።»

ሄዱና በጀሪካን አሬራ ይዘው ተመለሱ። መሬታቸውን የምቆፍርበትን ጉልበት እሳቸው አጠጡኝ። ማደሪያ እንደሌለኝ ሲሰሙ ደግሞ ጊቢያቸው ውስጥ አንዷን ክፍል አከራዩኝ።

ያ ከዘራ ነገር ነበረው። ከቀኝ ወደ ግራ ከዞረ ሰውየው ወስነዋል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መከራከር ድካም ነው። ሌላው የሚታወቁበት አንዲት ጥያቄ ነች። ማንኛውንም ወሬ፣ የጋብቻም ይሁን የአምፖል፣ የሚጨርሱት «እሺ አልክ ወይስ አላልክም?» ብለው ነው። «እስቲ እናያለን» የሚባል መልስ አያውቁም። «እናያለን» ያልካቸው እንደሆነ ቁጭ ብለው እስክታይ ይጠብቁሃል።

ሥራቸው ድርቆሽ ነበር፤ ሙያቸው ግን አለመብላት ነበር። ለሽምግልና የሄደ ሰው ጉዳዩ እሺ ሳይባል የቀረበለትን እንደማይቀምስ ሁሉም ያውቃል። ብዙዎቹ ለወጉ ያህል ትንሽ ያንገራግሩና ይበላሉ። ኦቦ ደበላ አይበሉም ከተባለ አይበሉም። አንድ ጊዜ ጫንጮ፣ በአጥር የተጣሉ ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ሄደው፣ ወጡ ፊታቸው እስኪረጋ ድረስ ሲያዩት ዋሉ። የቤቱ ባለቤት ሚስት ደጋግማ አሞቀችው። በመጨረሻ ባሏ ላይ ጮኸችበት፤ «ሽማግሌ ቤቴ ተርቦ አይሞትም! ታረቅ!» አለችው። ታረቀ። ኦቦ ደበላ በሉ። ሲወጡ «ጨው በዝቶበታል» አሉ።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። ማስተር ፕላን አሉ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተባለ። ፕላኑን በዓይኑ ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ መሬት ሲሄድ ግን ሁሉም አይቷል። ቡራዩ መንገድ ተዘጋ፣ ሰበታ ተዘጋ፣ ሱሉልታም አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ። ጥይት ተተኮሰ። ሰው ሞተ። እኔ ከክፍሌ አልወጣሁም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ማን እንደሆነ እስኪያስረዳ የሚታገሰው አያገኝም። ኦቦ ደበላ በርጩማቸውን አውጥተው የክፍሌ በር ላይ ተቀመጡ። ወጣቶች መጥተው «ማነው ውስጥ ያለው?» ሲሏቸው «ተከራዬ ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ልጆቹም ሄዱ።

በዚያው ሰሞን የፍራሽ ፋብሪካው መጋዘን ተቃጠለ። ለሚን የያዙት ያኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁ ፋብሪካው በር አጠገብ ቆማ ስለተገኘች እሱም ባጃጁም ተወሰዱ። እናቱ አዴ ወርቂቱ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ከለሚና ከባጃጁ ሌላ የላትም። ፖሊስ ጣቢያ ስትመላለስ ከርማ በመጨረሻ አንዱ አዘነላትና «የፋብሪካው ባለቤት፣ ሲያቃጥል አይቼዋለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። እሱ ቃሉን ካላነሳ ልጅሽ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል» አላት። ሌላ ቦታ የት እንደሆነ አልነገራትም። ሌላ ቦታ ከሄዱት ልጆች የተመለሰ እስከዚያ ድረስ አላየንም ነበር።

አዴ ወርቂቱ ኦቦ ደበላ እግር ላይ ወደቀች። እሳቸው ከዘራቸውን ወደ ግራ አዛወሩ።

የፋብሪካው ባለቤት አቶ ሰይፈ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ኦቦ ደበላ «ቤትህ ለሽምግልና እንምጣ» ብለው ላኩበት። እሱም ፋብሪካውን መልሶ ሊከፍት ፈልጎ ፈርቷልና ሽማግሌ ሲመጣለት ደስ አለው። «ቤት ምን ያደርጋል፤ ሆቴል ምሳ ልጋብዛችሁ» አለ። ሆቴሉም ከአዲስ አበባ ትላልቆች አንዱ ነው፤ በውጭ ሲያልፉት አንገት ቀና የሚያስደርግ።

ሦስት ሆነን ሄድን። አንዱ ኦቦ ደበላ ናቸው። ሁለተኛው ዕድሜ ልካቸውን አብረዋቸው የሸመገሉት ኦቦ ጉተማ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ መብላት የሚወዱ ሰው ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

«እኔ ምን ልሠራ?» አልኳቸው።

«ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ያስፈልጋል። አንተ የማንም አይደለህም።»

ይሄን ብዙ ጊዜ ተብያለሁ፤ ለሹመት ሲሆን ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

አቶ ሰይፈ መኪና ከነሾፌሩ ላከልን። መንገድ ላይ ኦቦ ጉተማ በኦሮምኛ «ደበላ፣ እኔ ቁርስም አልበላሁም» አሉ፣ እጃቸውን እያሹ።

«ደግ አደረግህ» አሉ ኦቦ ደበላ። «ምሳም አትበላም። እሺ እስኪለን ማንም አይቀምስም።»

ኦቦ ጉተማ እጃቸውን ማሸት ተዉ። ሾፌሩ ኦሮምኛ ስለማይሰማ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

ሆቴሉ በር ላይ ከዘራውን ተቀብለው ለብቻው በማሽን ውስጥ አሳለፉት። «ምን አያችሁበት?» አሉ ኦቦ ደበላ። «ምንም የለም፣ አባባ።» «እንጨት ነው ብያችሁ ነበር» አሉና ተቀበሉ።

አዳራሹ ውስጥ የሌለ አገር አልነበረም። ጣሊያን በአንድ በኩል፣ ህንድ በሌላ በኩል፣ ቻይና ደግሞ በትልቅ መጥበሻ ላይ እሳት ታስነሳለች። ኢትዮጵያ ጥግ ይዛለች፣ በትንንሽ ሸክላ ድስት። አንድ ትልቅ ዓሣ ከነራሱ በረዶ ላይ ተጋድሟል። ኦቦ ጉተማ ቆመው አዩትና «ይሄኛው ታሟል?» አሉ። በየድስቱ ፊት ትንንሽ ጽሑፎች ቆመዋል። በአማርኛ የተጻፉትን እያነበብኩ ነገርኳቸው። ብዙው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እሱን ዝም አልኩት።

አቶ ሰይፈ በፈገግታ ተቀብሎ አስቀመጠን። ወፈር ያለ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ነው። «በሉ አባቶቼ፣ ቡፌ ነው፤ የወደዳችሁትን አንሱ» አለና ተነስቶ ሄደ።

ኦቦ ደበላ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ቆዩ።

«ሰውየው የት ሄደ?» አሉኝ።

«ምግብ ሊያነሳ።»

«ለኛ?»

«ለራሱ።»

«ለኛስ ማን ያቀርብልናል?»

«ማንም። እዚህ እያንዳንዱ ለራሱ ነው የሚያነሳው።»

የተደረደሩትን ድስቶች ከዳር እስከ ዳር አዩ። «ራሴ አንስቼ ራሴን እምቢ ልበል?» አሉ።

የዕድሜ ልክ ሙያቸው ያቺ ወንበር ላይ ከንቱ ሆነች። የሚለምን ከሌለ እምቢታ የለም። አቶ ሰይፈ ሳህኑን ይዞ ተመለሰና እያላመጠ ስለ ፋብሪካው ያወራ ጀመር። እኛ አለመብላታችንን እንኳን ልብ አላለም። ያስተዋለችን አስተናጋጇ ናት። ደረቷ ላይ ስሟ ተለጥፏል፤ አነበብኩት፣ ብርቱካን ይላል።

«አባባ፣ ፆመኛ ኖት? የፆም በዚያ በኩል አለ።»

«አይደለሁም።»

«ስኳር አለብዎት? ስኳር የሌለው እናመጣለን።»

«የለብኝም።»

«አልወደዱትም?»

«አልቀመስኩትም፣ ልጄ።»

«ተያቸው» አለ አቶ ሰይፈ። «እዚህ ሰው በነፃነት ነው የሚበላው። ሲያሰኛቸው ያነሳሉ።»

ከዘራው ከቀኝ ወደ ግራ ዞረ።

ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ተነሱ። ከተደረደረው ሳህን ትልቁን መርጠው ከጫፍ ጀመሩ። ሩዝ፣ ሩዙ ላይ ፓስታ፣ ፓስታው ላይ ክትፎ፣ ክትፎው ላይ ከዚያ ከታመመው ዓሣ አንድ ቁራጭ፣ ዓሣው ላይ ኬክ። ህንድና ጣሊያን በአንድ ሳህን ታረቁ። ነጭ ረጅም ቆብ ያደረገው አብሳይ ሲያያቸው ማማሰሉን ተወ። ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና አቶ ሰይፈ ፊት አስቀመጡት።

«አባቴ፣ እኔ በልቻለሁ እኮ።»

«ለአንተ አይደለም። አንሳና አቅርብልን።»

ሰውየው እየሳቀ፣ እንደ ጨዋታ ቆጥሮት፣ ሳህኑን አነሳና ጎንበስ ብሎ «እንኩ፣ ብሉልኝ» አለ። ኦቦ ደበላ ተቀብለው መሀል ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እጃቸውን ከዘራው ላይ አጣመሩ።

«አንቀምስም» አሉ። «ጉዳይ አለን።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። የትም ያድግ የት፣ ሚስቱን ሲያገባ እሱም ሽማግሌ ልኳል፤ የዚህን ቃል ትርጉም ያውቃል። ብርቱካን የያዘችውን የውሃ ጆግ አስቀምጣ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። «ውይ፣ ሽምግልና ነው እንዴ» አለች ለራሷ።

ኦቦ ደበላ ባጭሩ ተናገሩ። ለሚ የአንዲት እናት ልጅ ነው፤ ቃልህን አንሳ፤ አሉት።

«የኔ ጉዳይ አይደለም አባቴ፤ የፖሊስ ነው።»

«ልጁን ሲያቃጥል በዓይንህ አይተኸዋል?»

«የዘበኞቹ አለቃ ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያው አላየሁም፣ ተነግሮኝ ነው በላቸው። እውነቱን ነው የምትናገረው።»

የጠረጴዛዎቹ ሁሉ ዓይን ወደኛ ዞሯል። ከረባት ያሰረ ኃላፊ በጥድፊያ መጣና «ጌታዬ፣ ምግቡ ላይ ችግር አለ?» አለ። ኦቦ ደበላ ቀና ብለው አዩት። «ምግቡ ምንም አላጠፋም» አሉት። ኃላፊው አቶ ሰይፈን አየ፤ አቶ ሰይፈ ጠረጴዛውን አየ። ጋባዣችን ላቡን ሲጠርግ የያዘው ናፕኪን የኔ ነበር።

«እሺ ብልስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፋብሪካዬን ማን ይጠብቅልኛል? ወጣቱ እንዳይነካብኝ ቃል ግቡልኝ።»

«እንገባለን!» አሉ ኦቦ ጉተማ፣ ዓይናቸውን ከክትፎው ሳያነሱ።

«አንገባም» አሉ ኦቦ ደበላ። «ወጣቱ አይሰማንም። በቀደም እኔንም በድንጋይ ስተውኛል። የማልችለውን አልሰጥህም። የምችለው አንድ ነገር ነው፤ ፋብሪካህን ስትከፍት በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ቦታውን አውቀዋለሁ።»

አቶ ሰይፈ ቦታው የማን እንደነበር ያውቃል። ቀና አላለም።

«እሺ» አለ።

«እሺ አልክ ወይስ አላልክም?»

«አልኩ። ሰኞ ጠዋት ሄጄ ቃሌን አነሳለሁ። አሁን ብሉልኝ።»

የኦቦ ጉተማ እጅ ሳህኑ ጋ ደርሷል። ከዘራው መጥቶ አንጓቸው ላይ አረፈ።

«ልጁ ሲወጣ እንቀምሳለን» አሉ ኦቦ ደበላ።

«እሺ ብያለሁ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ልጁ ግን እስካሁን እዚያው ነው።»

ተነስተን ወጣን። ብርቱካን ሳህኑን ለማንሳት እጇን ዘርግታ መልሳ ተወችው።

ሱሉልታ ስንደርስ ከሱቅ ቆሎ ገዝተን ቆረጠምን። ኦቦ ጉተማ ቆሎውን በንዴት ነበር የሚቆረጥሙት። ሾፌሩ በዚያው ሱቅ በረንዳ ላይ ለስላሳ እየጠጣ «የናንተ ሽማግሌዎች ዛሬ ቡፌ ላይ ዋሉ» ብሎ ለተሰበሰበው አወራ። ውጭ መኪናው ውስጥ ነበር የቆየው፤ ያላየውን ነው ያወራው። እኔ ልመልስለት ስል ኦቦ ደበላ በዓይናቸው ያዙኝ።

አቶ ሰይፈ ቃሉን አነሳ። ይሄን አልነፍገውም። ለሚ ከስቶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ ወጣ። አብረውት የተያዙት ግን አልወጡም። ያን ጊዜ ከጓደኞቹ ቀድሞ የተፈታ ልጅ ምን እንደሚባል የነበረ ያውቃል፤ ማንን አሳልፎ ሰጥቶ ወጣ ይባላል። ተብሎባቸው ሰፈር የለቀቁ አሉ። የከፋ የደረሰባቸውም አሉ። ኦቦ ደበላ አዴ ወርቂቱን፣ ኦቦ ጉተማንና እኔን ጠርተው አስቀመጡን።

«ማስረጃ አጥተው ለቀቁት፤ በቃ። ሆቴሉ ውስጥ የተባለውን ማንም አይናገር። የልጁ ስም ከሰውየው ስም ጋር አንድ ላይ አይነሳ።»

«ለራሱ ለለሚስ?» አልኩ።

«ለእሱም። ወጣት ነው፤ ያመልጠዋል።»

«ሰው እኮ ቡፌ በልተው መሬት ሸጡ እያለዎት ነው።»

«ስለ ሆዴ ያውሩ። ስለ ልጁ ምላስ ከሚያወሩ ይሻላል። እኔ እስካለሁ እንዳትናገር። እሺ አልክ ወይስ አላልክም?»

«አልኩ።»

ፋብሪካው ሲከፈት ቃላቸውን ጠብቀው በርጩማቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ድሮ ሣር ያጭዱበት ከነበረው ቦታ፣ እኔ የሠራሁትን አጥር ተደግፈው። ወጣቶቹ ሲያልፉ «ኦቦ ቡፌ! አካም ጅርቱ? ዛሬ ምን አለ?» ይሏቸዋል። «ዛሬ የፆም ነው» ይላሉ። ለሚም ባጃጁን ሲያስመልስ ከሳቂዎቹ ጋር ሳቀ። እናቱ ከበር ላይ ሆና አየችው። ገብታ በሯን ዘጋች። ሳትነግረው ሞተች።

ፋብሪካው አልተነካም ብል ውሸት ነው። አንድ ቀን መስኮቱ ሁሉ ረገፈ፤ አንዱ ድንጋይ የኦቦ ደበላን ጉልበት አገኘው። ከዚያ ወዲያ እያነከሱ ኖሩ። አቶ ሰይፈ ፋብሪካውን ሸጦ ሄደ፤ መልሶ ምሳ የጠራን የለም። አንዳንዴ ማታ ሬዲዮው ሲዘጋ «ያ ምግብ ይሄኔ በርዶ ይሆናል» ይሉኛል። ሳቅ የለበትም። እኔም «ሳይበርድ አይቀርም» እላለሁ።

ቀብራቸው ላይ ደረስኩ። ሠልስቱ ቀንም ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ምግቡ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሰው ተሰልፎ ነበር የሚያነሳው፤ አሁን እንዲህ ሆኗል። «ሰውየውን በቡፌ ሸኘናቸው» አለ አንዱ፣ ሰልፉም በአፉ ላይ እጁን አድርጎ ሳቀ። ለሚ የእድሩ አስተናጋጅ ነው፤ ጭልፋ ይዞ ይዞራል። ኦቦ ጉተማ አጠገቤ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ትዝታቸውም ደክሟል። ለሚ ሳህን አቀረበላቸው።

«ማነህ አንተ?»

«ለሚ ነኝ፣ ኦቦ። የወርቂቱ ልጅ።»

«ለሚ?» እጃቸው አየር ላይ ቆመ። «ተፈታህ እንዴ?»

«ኧረ ኦቦ፣ ከተፈታሁ ስንት ዓመት ሆነኝ።»

«እኔኮ ማንም አልነገረኝም!» አሉና ወደ ጎናቸው ዞሩ። ጎናቸው ያለሁት እኔ ነኝ። «ሰማህ ደበላ? ልጁ ወጥቷል። አሁንስ እንቀምስ።» መልስ አልጠበቁም። እጃቸውን ሰደዱ።

ለሚ አየኝ። «ምን ማለታቸው ነው፣ ጋሽ ማቴዎስ?»

እኔ እስካለሁ ነበር ያሉት። አሁን የሉም። እዚያው፣ ጭልፋው እጁ ላይ እንዳለ፣ ከበሩ ማሽን እስከ ቆሎው ድረስ ነገርኩት። ወጡ ከጭልፋው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል፤ አላየውም።

ከሰልፉ ውስጥ ያ ቅድም የቀለደው ሰውዬ «ለሚ! ወጥ እንጂ! ኦቦ ቡፌ እንዲህ ተሰልፈው የበሉ መሰለህ?» አለ።

«አልበሉም» አለ ለሚ።

«ምን አልክ?»

«ኦቦ ደበላ አልቀመሱም።»

ሰውየው ባዶ ሳህኑን እንደዘረጋ ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የኦቦ ጉተማ ማላመጥ ብቻ ነበር። ዋጡና ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ።